በመስኮት የሚታይ ድንኳን

ዓለም ጤና፣ የቦራ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከሞጆ ወደ ባቱ በሚወስደው ነባሩ አስፋልት ላይ ትገኛለች። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ወደ ላንጋኖ የሚወርድ ሰው ፈጣን መንገዱን ትቶ በእሷ በኩል ካለፈ፣ ምሳ ለመብላት መኪናውን ዳር ያስይዛል። በኋላ ወንበር ላይ ድንኳን፣ የዓሣ መንጠቆ፣ አዲስ የሩጫ ጫማ በመስታወቱ ይታያሉ። ባለቤቱ በሩን ቆልፎ «እግዜር ይጠብቀው» ይልና ይገባል።

ይህ እምነት ነው ወይስ የእምነት ካባ የደረበ ስንፍና?

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ናቸውና መልሱን ከሁለቱም በኩል መፈለግ ይቻላል። በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ፣ ግመሉን ፈትቶ በአላህ ይመካ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አለ፤ ነቢዩ ሙሐመድ አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያ እንዲመካ ነገሩት። የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ ሊቃውንት ደግሞ ጉዳዩን ያጠብቁታል። አብዛኞቹ እንደሚሉት ከባዱ የስርቆት ቅጣት የሚጸናው ንብረቱ ከ«ሒርዝ»፣ ማለትም ለዕቃው ዓይነት ከሚገባው መጠበቂያ፣ ከተወሰደ ነው። ለወርቅ የሚገባው ለማገዶ ከሚገባው ይለያል። የተቆለፈ መኪና ለድንኳን ይበቃ እንደሆነ ጥሩ ክርክር ይወጣዋል። ጥበቃው ጎደለ ማለት ግን ወሳጁ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ ኃጢአቱም ዕዳውም አብረውት ይሄዳሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 665 ላይ የሚመዝነው የወሳጁን ሐሳብ እንጂ የባለቤቱን ጥንቃቄ አይደለም።

በክርስትናው በኩል የሚጎረብጠው ባስልዮስ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያ ጳጳስ የነበረው፣ እኛም አገር ቅዳሴው የሚታወቀው ይህ አባት፣ ጎተራውን ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጠጋ ሲሰብክ፣ ተቀምጦ የሚበሰብሰው ጫማ የባዶ እግር ሄጁ ነው እስከ ማለት ደርሷል። በዓመት አንዴ ለሚሮጥበት ጫማ ይህ የማይመች ንግግር ነው። ተንኮለኛ አንባቢ ባስልዮስን የመስታወት ሰባሪ ጠበቃ ሊያደርገው ይሞክር ይሆናል። እሱ ግን ጣቱን የቀሰረው ባለቤቱ ላይ ነው፤ ለድሃው ድንጋይ አላቀበለም።

ነገሩ የሚጠራው መኪናው አጠገብ «ልጠብቅልህ?» ከሚለው ልጅ ጋ ሲደረስ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2779 ጀምሮ አደራን እንደ ውል ያየዋል፤ ተቀባዩ ዕቃውን ተረክቦ ሊጠብቅ እሺ ይላል። እሺ ያለ ሰው ከሌለ አደራ የለም። ድንኳኑን ከመስታወት ጀርባ ትቶ የሄደ ሰው ለፈጣሪም ለጎረቤትም አደራ አልሰጠም፤ ዝም ብሎ ትቶ ሄዷል። «ወንበሩ ላይ ዕቃ አለ፣ አደራህን» ብሎ ስም ጠይቆ የሄደው ግን በሰው አምኗል። ጠባቂው ሊከዳው ይችላል፤ እምነት የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

ድሮ ስርቆት ሲደርስ የአገሩ ሰው በአፈርሳታ ይሰበሰብ ነበር። ሌባው እስኪታወቅ ወደ ሥራ መሄድ የለም፤ ካልተገኘም ሁሉም አዋጥቶ ይከፍላል። ጭካኔ አያጣውም፣ ሸክሙ ግን የጋራ ነበር። ዛሬ መስታወት ተሰብሮ ሲገኝ መጀመሪያ ኮሌታው የሚያዘው፣ ውስጥ ዕቃ መኖሩን እንኳ ማንም ያልነገረው ያ ልጅ ነው።