የቅርብ ጠበል

ልጄ፣ ቅዳሜ ከሶዶ መጥተህ እናትህ ቤት የተናገርከው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። «አጎቴ፣ አረካ ስመጣ መንፈሴ ይደርቃል። እንሰት፣ ፍግ፣ ውኃ መቅዳት፣ ጭስ፤ ሁልጊዜ ያው ነው። እግዚአብሔርን ከፈለግሁ ዳሞታ ተራራ ወጥቼ መጾም አለብኝ» አልክ። እናትህ ከጓዳ ሆና ሰምታሃለች። መልስ አልሰጠችህም። የቡና ቅጠል መጠጡን፣ ሃይታ ቱኬውን፣ አሙቃ ያንተን ዋንጫ ከሁላችን አስቀድማ ሞላችልህ። አንተም ስልክህን እያየህ ጠጣህ።

ጾምህን አልነቅፍም። እኔም በጉልበቴ ዘመን ዳሞታ ወጥቼ ጸልያለሁ። ያልወደድኩት «ይደርቃል» ያልከውን ነው። አባቶች «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ። ከሩቅ የመጣው ሰው ጫማውን አውልቆ፣ እያለቀሰ ይጠመቅበታል፤ የምንጩ ጎረቤት ግን ልጡን አምጥቶ ይዘፈዝፍበታል። ውኃው ያው ውኃ ነው። አንተም ከምንጩ አጠገብ ተወልደህ ልጥ ነካሪ እንዳትሆን ፈራሁልህ።

እስቲ ያንን ዋንጫ መለስ ብለህ አስበው። እናትህ የቡናውን ቅጠል ከጓሮ ለቅማ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ወቅጣ፣ በማሰሮ አፍልታ ነው ያቀረበችው። አብረዋት የተቀመጡትን ሦስት ጎረቤቶችስ አስተውለሃል? አንዷ ኦርቶዶክስ፣ አንዷ ካቶሊክ፣ አንዷ እንደ እናትህ ቃለ ሕይወት ናት። እሑድ እሑድ ሁሉም በየፊናቸው ይሄዳሉ፤ ማለዳ ግን ከአንድ ማሰሮ ይጠጣሉ። ከመካከላቸው አንዷ ከቀረች ሌሎቹ ምን ሆና ነው ብለው ተነሥተው ይሄዳሉ። ባለፈው ክረምት እናትህ በወባ ስትወድቅ ደርሰው ያነሷት እነሱ ናቸው። ለአንተ የተደወለው በማግስቱ ነው።

አሁን ወደ እንሰቱ ልውሰድህ፤ ነገሬ ሁሉ እዚያ ነው።

ቅዳሜ የበላኸው ቆጮ ትናንት አልተጀመረም። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሚቾውን፣ የእንሰቱን ሥር፣ እንቡጡን አውጥቶ መሬት ቀበረው፤ ከዙሪያው የበቀሉትን ችግኞች ደግሞ ከቦታ ቦታ እያዛወረ ተከላቸው። እንሰት ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። አባትህ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ያጎረሰህ እሱ ነው። ሲተክለው አሞት ነበር፤ እንደማይደርስበትም ያውቅ ነበር። «አንተ አትበላው፣ ለምን ትደክማለህ?» ስለው «ቤቱ ይበላዋል» አለኝና ጉድጓዱን መቆፈር ቀጠለ።

እናትህ ስትፍቅስ ቁጭ ብለህ አይተሃታል? ከግንዱ የተላጠውን ረጅም ቅርፊት በተጋደመ ሳንቃ ላይ ዘርግታ፣ አንድ እግሯን አንሥታ በተረከዟ ትይዘዋለች። የቀርከሃ መፋቂያውን በሁለት እጇ ይዛ ከላይ ወደ ታች ትስበዋለች። ነጩ በተነጠፈው ቅጠል ላይ ይወርዳል፣ ቃጫው ለብቻው ይቀራል። ሲጨመቅ ከውኃው ሥር የሚረጋው ቡላ ነው፤ እሱ ለአራስ፣ ለታመመና ለእንግዳ ይቀመጣል። ልብ በል፣ ምርጡ የሚቀመጠው ለደካማና ለመንገደኛ ነው። አንድ ቀን ከአጥሩ ውጭ ሳልፍ መፋቂያውን አስቀምጣ፣ ወገቧን ይዛ ቀና አለችና «ተመስገን» ብላ እንደገና ጎንበስ አለች። ሰው እንዳለ አላወቀችም። እኔ ግን ባርኔጣዬን አውልቄ ነበር የቆምኩት።

ፍግ አልክ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይሉሃል ይሄ ነው። አንተ ላሟ በሌለችበት ኩበት ስትፈልግ፣ እናትህ ላሟ ካደረችበት ቤት በየማለዳው ፍጉን አውጥታ ከእንሰቱ እግር ሥር ታፈሳለች። አንተን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃህ ያ እንሰት ነው። ከከተማችን ያለው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከየአካባቢው የእንሰት ዝርያ ሰብስቦ ያጠናል። ምሁራኑ የሚመራመሩበትን ተክል እናትህ ቅጠሉን አይታ ስሙን ትጠራዋለች።

ስለ ቢላዋም ልንገርህ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በመቁረጫ ቢላዋ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ይተላለፋል። እናትህ ጎረቤት ልታግዝ ከመሄዷ በፊት ቢላዋዋን በእሳት ትለበልባለች። ማንም አያያትም፣ ማንም አያመሰግናትም። ባታደርገው የጎረቤቷ የሰባት ዓመት ልፋት ይጠወልጋል። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ በእኛ ጓሮ ሲፈጸም መልኩ ይህ ነው፤ የጋለ ቢላዋ።

ያደግህበት እምነትም ቢሆን በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። በ1929 ዓ.ም. ጣልያን ወንጌሉን ያመጡትን የውጭ ሚሲዮናውያን ከሶዶ ሲያስወጣ ተጠምቀው የቀሩት ወላይቶች 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ 10 ሺህ ያህል አማኝ ጠበቃቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ድምፅ ማጉያ አልነበረም፤ ወንጌሉ የሄደው በየጎጆው፣ በእርሻና በገበያ መንገድ ነው።

ስለ ክፉ ቀንም ልንገርህ። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ስኳር ድንቹ ሲጠፋ፣ አገሩ ለምልሞ ሳለ ሰው ተራበ። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርክ። አንዲት ጎረቤታችን አንድ ስኳር ድንች ለአምስት ቆርጣ፣ አንዷን ቁራጭ ላንተ ይዛ ስትመጣ አይቻለሁ። የራሷ ልጆች አራት ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል መሬት ወድቆ ባየሁ ቁጥር አነሣዋለሁ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በልጅነታችን ሸክላ ሠሪዎችን፣ ጪናሻ የምንላቸውን፣ ከደጅ ነበር የምንቀበላቸው። ውኃ ቢጠይቁ የምንሰጥበት ዕቃ ለብቻው ነበር። የምንበላው ግን እነሱ በሠሩት ሸክላ በስሎ ነው። ጎልማሳ ሆኜ አንድ ቀን በአረካ ገበያ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ማሰሮ ልገዛ ቆምኩ። እያንዳንዱን በጣቷ መታ መታ እያደረገች ጆሮዋን ታስጠጋለች። እኔ የመረጥኩትን መታችና ወደ ኋላዋ አስቀመጠችው። «ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል፣ አልሸጥልህም» አለችኝ። እኔ ስንጥቁን አላየሁትም፤ ወስጄው እሄድ ነበር። ያን ቀን ያ ገንዘብ ምን ያህል እንዳስፈለጋት ከልብሷ ይታይ ነበር። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩ ሰውዬ፣ ወርቁን ከደጅ ስመልስ እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ። በሳምንቱ ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ቤቴም ገብታ በእኛው ዋንጫ ጠጣች።

አነጋገራችንንም አድምጠው። ሰው ውለታ ሲውልልን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን፤ ብድሩን መክፈል ብንችልም ባንችልም ፈጣሪን ዋስ እንጠራለን። ታላቅ ሲገባ «ኖር» ብለን እንነሣለን፣ እሱም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠናል። መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል እንጂ ስሙን አያስቀድምም። በቀን ስንት ጊዜ የእግዜርን ስም እንደምትጠራ ቆጥረህ ታውቃለህ? ስትጠራው ግን ልብህ አብሮ ይኑር።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይህን ለመናገር ነው ብዕር ያነሣሁት። ከታላቅ ወንድምህ ጋር በአባታችሁ መሬት ድንበር ከተኳረፋችሁ ሁለት ጊፋታ አለፈ። ጊፋታ የዓመቱ መግቢያ ነው፤ በሬው ከመታረዱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ካስፈለገም ሽማግሌ ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ላይ ያስቀምጠዋል። እናንተ ግን ሁለት ዓመት በአንድ ሥጋ ዙሪያ ጀርባ ተሰጣጥታችሁ በላችሁ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ነውና ዳሞታ አናት ላይ ብትወጣም ሳልህ ይሰማል። ከእናትህ ቤት እስከ ወንድምህ ቤት ያለው መንገድ ከዳሞታ ዳገት ያጥራል፤ ግን እሱ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። እኔም ሄጄበታለሁ።

ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ና። ስልክህን ሶዶ ተወው አልልህም፤ እናትህ ዋንጫውን ስትሰጥህ ግን በሁለት እጅህ ተቀበላት። ዓምና ከአባትህ ጓሮ ወስጄ የቀበርኩት አሚቾ 32 ችግኝ አውጥቷል፤ የሚዛወሩበት ጊዜ ደርሷል። ወንድምህን ጠርቼዋለሁ፣ እመጣለሁ ብሏል። መቆፈሪያው ሁለት ነው፤ ጉድጓዱን ከድንበሩ ግራና ቀኝ አብራችሁ ትቆፍራላችሁ።