ቅጠሉ ለዓይን ይደርስ ይሆን?

ጭስ ገና ሲል በለመለመ ቅጠል መትቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ጣሪያው ከተያያዘ ግን አገር ውኃ ይዞ ቢሯሯጥም የሚተርፈው ጥቂት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ሽማግሌ ባልና ሚስት ሲያስታርቅም፣ እናት ልጇ ሲያስነጥሰውም ይጠቀሳል። ዕድሜ ለሚያደክመው ዓይንስ?

እዚህ ላይ ቅጠሉ እውነተኛ ቅጠል ነው። ጎመን ሉቲንና ዚያዛንቲን የተባሉ ቢጫ ቀለሞች አሉት። ሰውነት አይሠራቸውም፤ ከምግብ አግኝቶ በሬቲና መካከል፣ ፊደልና የሰው ፊት በሚለይባት ጠባብ ቦታ ያከማቻቸዋል። የሚሟሙት በስብ ስለሆነ የጾም ጎመን በሽንኩርትና በዘይት መቁላላቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም።

ነገር ግን ተረቱን የሚፈትን ውጤት አለ። የአሜሪካው ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት ያስጠናውና በ2001 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ትልቅ ጥናት፣ ቫይታሚኖችና ዚንክ ያሉበት ክኒን የሬቲናው መካከል መጎዳት ወደ ከባድ ደረጃ የመድረስ ዕድሉን በ25 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። የጠቀመው ግን በሽታው መካከለኛ ደረጃ ለደረሰባቸው ነው። ገና ያልጀመረውን ስለማስቀረቱ ማስረጃ አልተገኘም፤ የዓይን ሞራንም አላቆመም። ክኒን ሻጮች ይህችን ዝርዝር መዝለል ይወዳሉ።

ሞራ ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በእሱ ነው። ሲጋራን መተውና ከፀሐይ በባርኔጣ መከለል አደጋውን ይቀንሳሉ። አንዴ ከጋረደ ግን ጎመንም ጠብታም አይገፈውም፤ ሐኪም የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል፣ ብርሃንም ይመለሳል። ተረቱ እዚህ ተሸነፈ፤ ከተቃጠለ በኋላም መዳን አለ።

በግላኮማ ግን ተረቱ አንድ ፊደል አይሳሳትም። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ሳያም፣ ሳያቀላ የዕይታን ዳር ዳር ይበላል፤ የበላውንም አይመልስም። እሱን በጊዜ የሚይዘው የዓይን ግፊትን መለካትና ነርቩን ማየት እንጂ ምግብ አይደለም።

ከአርባ በኋላ ጽሑፍ ሲደበዝዝበት ብዙ ሰው የሚሄደው ግን መነጽር ደርድሮ ወደሚሸጥ የመንገድ ዳር ነጋዴ ነው። አንዱን ያደርጋል፣ ጋዜጣውን ያርቃል፣ ያቀርባል፤ ፊደሉ ሲጠራለት ከፍሎ ይሄዳል። ለቅርብ ዕይታ መድከም መነጽሩ አይከፋም። ግፊቱን ግን ማንም አልለካለትም፤ አባቱ በግላኮማ ታውረው እንደሆነም ሻጩ አይጠይቀውም።