የዋጋ ምንጩ ምንድን ነው?

የአንድ ዕቃ ዋጋ ከጥቅሙ ይመነጫልን፣ ወይስ ከሌላው ሰው ማጣት? የኢጣሊያው ፌራሪ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1964 ድረስ 250 ጂ.ቲ.ኦ. የተባለውን የእሽቅድምድም አውቶሞቢል 36 ብቻ ሠራ። ከእነዚህም አንዱ በ2018 በአሜሪካ አገር በጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ሞተሩ ከቀድሞው ይልቅ አልፈጠነም፤ የበዛው ፈላጊው ነው። እንዲህ ያለ ብርቅ መኪና የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ይጨነቃል፤ ቢነዳው ዋጋው እንዳይቀንስ ይፈራል፣ ባይነዳው ደግሞ ለመሮጥ የተሠራውን ነገር አስሮ የንብረቱ ዘበኛ ሆኖ ይኖራል። ነገር ግን በሰው ለመፍረድ አንቸኩል፤ የክት ልብሳችንን በሣጥን ቆልፈን ለብል የዳረግን እኛም ነንና። ዋጋን የሌሎች ማጣት ይሰጠው ይሆናል፤ ጥቅምን የሚሰጠው ግን መገልገል ብቻ ነው።