ብርጭቆው ከተጣለ በኋላ

በወለጋ፣ በቢላ ከተማ፣ አንድ ሰው አረቄ ተወ ሲባል ወሬው ቶሎ ይዳረሳል፤ ጎረቤትም ያመሰግነዋል። እኔ ግን ስመለከት አንዳንዱ መለኪያውን ጥሎ ቍጣውንና ኩራቱን ይዞ ይቀራል። በሰርግ ቤት የሚጠጡትን በንቀት ያያል፤ ከቤቱ ሲገባ እንደ ዱሮው ይጮኻል። መጠጡ ሄደ እንጂ ጠጪው አልሄደም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ትሕትና ስል ራስን መናቅ ማለቴ አይደለም። «እኔ ምን እረባለሁ» የሚል ሰው ወደ አረቄው ለመመለስ ምክንያት እየፈለገ ነው። ትሑት ሰው ጉድለቱን በስሙ ጠርቶ ለሌላ ለመንገር ይደፍራል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአክሮን ከተማ፣ መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት የሆነው ቢል ዊልሰን ሥራው ተበላሽቶበት መጠጥ አማረው። ያን ጊዜ እንደ እርሱ የሚሠቃይ ሌላ ጠጪ ፈለገ፤ ሊያስተምር ሳይሆን ራሱ ሊድን። ያገኘው ሐኪሙን ቦብ ስሚዝን ነበር። ሐኪሙ እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ችግሩን ይደብቅ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን ማለዳ ተነሥቶ፣ ከሚፈራቸው ሰዎች ዘንድ እየተንቀጠቀጠ ዞሮ ገመናውን ነገራቸው። እኩለ ሌሊት ደክሞት፣ ግን እጅግ ደስ ብሎት ተመለሰ። በ1950 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስም አልጠጣም።

ይህ መንገድ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ በዳይ የአገር ሽማግሌ ይዞ ከተበዳይ ደጅ ይቆማል። ታዲያ ከብቱ ሰብል ቢበላበት ለጎረቤቱ ሽማግሌ የሚልክ ሰው፣ በስካር ዘመኑ ሲያስለቅሳት ለኖረች ሚስቱ «በድዬሻለሁ» ማለት ስለ ምን ይከብደዋል?