ክፍሉን ከመውቀስ በፊት

ክፍል ሲረበሽ ጀማሪ መምህር አስቀድሞ የሚናገረው «ልጆቹ አስቸጋሪ ናቸው» የሚል ነው። አባባሉ አንዳንዴ እውነት ይኖረዋል፤ ለነገ የሚሠራበት ነገር ግን አያስገኝም። መምህር ሊለውጥ የሚችለው የገዛ አሠራሩን በመሆኑ፣ የክፍል አያያዝ ምርመራ መጀመር ያለበት ከራሱ ነው። ጃኮብ ኩኒን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሥርዓት ያላቸውና የሌላቸው ክፍሎች መምህራን ጥፋት ከደረሰ በኋላ በሚወስዱት እርምጃ ብዙም እንደማይለያዩ አሳይቷል። የሚለያዩት ከዚያ በፊት በሚያደርጉት ነው፦ ክፍሉን በዐይን በመከታተልና ትምህርቱን ሳያቆራርጡ በማስኬድ።

በጀረር ዞን በምትገኘው ደገሀቡር ይህ ምርመራ የአካባቢውን ልጅ ከማወቅ አይነጠልም። ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ዱግሲ፣ ማለትም የቁርዓን ትምህርት ቤት፣ ቆይተው ነው። እዚያ እያንዳንዱ ልጅ ከእንጨት ሰሌዳው ላይ የራሱን ክፍል ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ መዓሊሙም (የቁርዓን መምህሩም) በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የእያንዳንዱን ስህተት ለይቶ ያርማል። እንዲህ የለመደ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ ጮክ ብሎ ሲያነብ እየተማረ እንጂ እየረበሸ አይደለም። ይህን ያልተረዳ መምህር «ዝም በሉ» ሲል ክፍለ ጊዜው ያልቅበታል። መጀመሪያ በኅብረት አስነብቦ ቀጥሎ የጽሑፍ ሥራ ቢሰጥ ልማዱ ራሱ ያግዘዋል።

ጂላል በሚባለው ረጅም የበጋ ወቅት ደግሞ አርብቶ አደር ቤተሰብ ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ሲንቀሳቀስ ልጁም አብሮ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ኋላ የተቀመጠ ተማሪ ትምህርቱ ስለማይገባው ጎረቤቱን ቢያወራ አያስገርምም። ስለዚህ መምህሩ በተማሪው ጠባይ ላይ ከመፍረዱ በፊት የስም መጥሪያውን ይመልከት።

ለዚህ ሁሉ አንድ ደብተር ይበቃል። የሚጻፈው ሰዓቱ፣ የታየው ነገርና መምህሩ በዚያች ቅጽበት ያደርግ የነበረው ነው፦ «4 ሰዓት፤ ሦስተኛው ረድፍ ተንጫጫ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር።» «ዛሬ ክፍሉ ከፋ» የሚል ጽሑፍ ዋጋ የለውም። ተመሳሳይ መስመር ከተደጋገመ መፍትሔው ግልጽ ነው፤ የትምህርቱ ማስታወሻ ተማሪዎች ሳይገቡ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።

መፍትሔ ሲፈለግ ዱላ ቦታ የለውም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ዱላ ከሕግ ጥሰትነቱ ሌላ ለምርመራም ፀር ነው፤ የፈራ ልጅ ምን እንዳልገባው አይናገርም።

ብቻውን የሚመረምር መምህር ደግሞ የማያየው አይጠፋም። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብሩ ከእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል፤ ይህን ፋይል በመሙላት ብቻ መጨረስ ብክነት ነው። አንድ ባልደረባ ኋላ ተቀምጦ የትኞቹ ተማሪዎች እንደተጠየቁ፣ ሴቶቹ ስንት ጊዜ ዕድል እንዳገኙና መምህሩ መልስ ምን ያህል እንደጠበቀ ቢመዘግብ ይጠቅማል። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ ያጠናቻቸው መምህራን ጠይቀው በአማካይ ከአንድ ሰከንድ በላይ ብዙም አይታገሡም ነበር፤ ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ያሉትም መናገር ጀመሩ። በሶማሊኛ ተምሮ በእንግሊዝኛ ለሚጠየቅ ተማሪ ይህ ትዕግሥት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ተማሪዎቹም ይጠየቁ። ስማቸውን ሳይጽፉ፣ በሶማሊኛ፣ ለመማር ያስቸገራቸውን አንድ ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ይስጡ። መምህሩ የእጅ ጽሑፍ እየለየ የጸሐፊውን ማንነት መፈለግ የለበትም፤ ከተነገረው አንዱን በዚያው ሳምንት ያስተካክል።