በዕቃ መካከል የተሸሸገው ረጅም ሰው

ወዳጄ ሆይ፣ ግዙፍና ዝምተኛ ሰው ስታይ ምን ታስባለህ? ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ በቁመት ይበልጥ ነበር፤ ሕዝቡም አይቶት በደስታ ጮኸ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ያ ረጅም ሰው በዕቃ መካከል ተሸሽጎ ነበር (1ኛ ሳሙ. 10፥22-24)። ለምን እንደ ተሸሸገ የጠየቀው ሰው አልተጻፈልንም።

በማስተምርበት ክፍል እንዲህ ያለ ወንድም ነበረ። አግዳሚ ወንበር ሲነሣ እንጠራዋለን፤ ደኅንነቱን የምንጠይቀው ግን ለወጉ ነበር። አንዳንዶቻችንም ኩራተኛ አልነው። እናቱ ለወራት መታመማቸውን ዘግይቼ ሰማሁ። «ለምን አልነገርከንም?» ስለው፣ «እኔን ያየ ሰው እርዳታ የምፈልግ አይመስለውም» አለኝ።

ጥፋቱ የማን ነው? እሱ ፊቱን ዘግቷል። ነገር ግን ሰውነቱ የገዘፈ ልጅ «አንተን የሚያህል ሰው ያለቅሳል?» እየተባለ ያድጋል፤ መዝጋትን ያስተማርነው እኛው ነን።

ሳሙኤል እንኳ በኤልያብ ቁመት ተሳስቷል። ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ነው፤ እኛ አናይም፤ ስለዚህ መጠየቅ አለብን። አንተም ዝምተኛው ወንድሜ፣ ሰው ልብህን አያይምና ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገር።

በሚቀጥለው እሑድ ወንበሩን አብረኸው አንሣ። ከዚያም ጠይቀው፤ መልሱንም ቆመህ ጠብቅ።