የፈረስ እርባታና የኅሊና ግዴታ

በአገራችን ታሪክ ውስጥ ፈረስ የያዘው ስፍራ ከፍ ያለ መሆኑ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላም አባ ነጋ እየተባሉ የተጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው። እስከ ዛሬም ድረስ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቻቸውን ከነሙሉ ዕቃቸው አስጊጠው አደባባይ ይወጣሉ፤ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከዘማቾች ጋር የተሰለፉትን ፈረሶችም ያስባሉ። ይሁን እንጂ ክብሩ ሁሉ ያጌጠውን ፈረስ ሲከተል፣ ያን ፈረስ የወለደችው ባዝራ ማን እንደ ነበረች፣ ውርንጭላውንም ማን በምን ሁኔታ እንዳሳደገው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል «ፈረስ ማርባት የኑሮ ጉዳይ እንጂ የኅሊና ጉዳይ ነውን?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን የኅሊና ጉዳይ ነው እንላለን። እንስሳን በመጠቀምና እንስሳን በማርባት መካከል ትልቅ ልዩነት አለና። ፈረስ ገዝቶ የሚጭን ሰው ያገኘው አስቀድሞ በሕይወት ያለ ፍጥረት ነው። የሚያረባው ሰው ግን የትኛዋ ባዝራ ከየትኛው ድንጉላ ጋር እንደምትገናኝ፣ መቼ እንደምትፀንስና ስንት ጊዜ እንደምትወልድ ራሱ ይወስናል። ውርንጭላው ለሚወርሰው ጤናም ሆነ ሕመም ምክንያቱ ይህ ሰው ነው። ምርጫው የሰው፣ መከራው ግን የእንስሳው በሚሆንበት ስፍራ ሁሉ የኅሊና ጥያቄ አለ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ጉዳይ ላይ ሚዛናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ ሰው እንስሳትን አልምዶ ለሥራው ቢጠቀምባቸው የተፈቀደ መሆኑን ያስተምራል፤ እንዲሁም ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየት የሰውን ክብር የሚፃረር መሆኑን ያስገነዝባል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ ትምህርት አጽንተዋል። ገና በጥንቱ ሕግ የሰባተኛው ቀን ዕረፍት ለበሬና ለአህያ ጭምር የታዘዘ መሆኑን እናስታውስ። እንግዲህ ሰው በፍጥረት ላይ የተሾመው እንደ መጋቢ ከሆነ፣ አርቢውም የአደራ ጠባቂ ነው እንጂ እንዳሻው የሚያዝዝ ባለቤት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። «ይህ ውርንጭላ ወላጆቹን ባናገናኛቸው ኖሮ ጨርሶ አይወለድም ነበር። ታማሚም ቢሆን መኖር ካለመኖር ይሻለዋል፤ ታዲያ የተበደለው ማን ነው?» የሚል ነው። አነጋገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያ፣ አርቢው ሁለቱን ያገናኘው ለጥቅሙ ሲል ሆኖ ሳለ፣ ኋላ ሕይወትን እንደ ችሮታ ቆጥሮ ለእንስሳው ውለታ እንደ ዋለ ሊናገር አይገባውም። ሁለተኛም፣ በፊቱ የነበረው ምርጫ ይህን ውርንጭላ በማስወለድና ምንም ባለማድረግ መካከል ብቻ አልነበረም፤ ሌላ ድንጉላ መፈለግ፣ አንድ ዓመት መታገሥ፣ ባዝራይቱን ማሳረፍ ይችል ነበር። ሦስተኛም፣ የአንድ ሥራ ክፋት የሚለካው ተበዳይ ቀርቦ አቤት በማለቱ ብቻ አይደለም። ሥቃይ እንደሚከተል እያወቀ ለገንዘብ ሲል የሚያደርገው ሰው ፈቃዱ ተበላሽቷል፤ ከሳሽ ባይኖርበትም ኅሊናው ይፈርድበታል።

ይህ ነገር በሐሳብ ብቻ የቀረ አለመሆኑን ለማሳየት፣ በሰሜን አሜሪካ የሆነውንና በእንስሳት ሕክምና ዘንድ የታወቀውን ታሪክ እናቀርባለን። «ኳርተር ሆርስ» በሚባለው የፈረስ ዘር ውስጥ ኢምፕሬሲቭ የሚል ስም ያለው ድንጉላ ነበረ። ይህ ፈረስ እ.ኤ.አ. በ1974 በዓለም ሻምፒዮና የቁመና ውድድር አሸነፈ። ዳኞች ያደነቁት እንደ ተቀረጸ ሐውልት ጎልቶ የሚታየውን ጡንቻውን ነበር። ከዚያ በኋላ ባዝራ ያለው ሁሉ ከእርሱ ለማስወለድ ተሽቀዳደመ፤ ከ2,000 የሚበልጡ ውርንጭሎችም ከእርሱ ተወለዱ። የልጅ ልጆቹ ደግሞ እጅግ በዙ፤ በውድድሩም ሽልማቱን ይወስዱ ጀመር።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ከዘሩ መካከል አንዳንዶቹ በድንገት የሚንቀጠቀጡ፣ የሚዝሉ፣ አንዳንዴም ወድቀው የሚሞቱ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1992 ተመራማሪዎች የበሽታውን ምክንያት ደረሱበት። የጡንቻን ሕዋስ የሶዲየም መግቢያ በሚቈጣጠረው ዘረ መል ላይ አንድ ጉድለት አለ፤ በዚህም የተነሣ የደም ፖታሲየም ከፍ ሲል ጡንቻው ሥርዓቱን ይስታል። እንደ አልፋልፋ ያለ ፖታሲየም የሚበዛበት መኖ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ጉድለቱ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ለበሽታው ስለሚያጋልጥ፣ ከአንድ ተሸካሚና ከአንድ ጤነኛ ፈረስ ከሚወለዱት ውርንጭሎች በአማካይ ግማሾቹ ይወርሱታል። እጅግ የሚያሳዝነው፣ ሽልማት ያስገኝ የነበረው የጡንቻ ጉልህነትና ይህ በሽታ የተያያዙ መሆናቸው ነው። ሰዎች ውበትን የሸለሙ መስሏቸው በሽታን እየሸለሙ ኖረዋል።

እስከ 1992 ድረስ ያስወለዱትን ሰዎች ልንኰንናቸው አይገባም፤ ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረምና። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰው ጥቂት ደም ወይም ጠጕር አስመርምሮ እውነቱን ማወቅ ይችል ነበር። የሥነ ምግባር መምህራን ሊወገድ የማይችል አለማወቅና ሊወገድ ሲችል የቸል ባይነት አለማወቅ እያሉ የሚለዩት ይህን ነው። ፊተኛው ከበደል ነጻ ያወጣል፤ ሁለተኛው ግን ራሱ በደል ነው። ይህም ሆኖ ገበያው ጡንቻውን ስለ ወደደ ብዙዎች እያወቁ ማስወለዳቸውን ቀጠሉ። የአሜሪካ ኳርተር ሆርስ ማኅበር ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱትን ውርንጭሎች በመዝገቡ አልቀበልም ያለው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በተወለዱት ላይ ነው። እውቀቱ ከተገኘበት ጊዜ አንሥቶ አሥራ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ መዘግየት ውስጥ የአርቢው ድርሻ አለ፤ የዳኛው ድርሻ አለ፤ እየጠየቀ የገዛውም ሰው ድርሻ አለ።

እውቀት ሁልጊዜ «ይወገድ» የሚል ብያኔ ብቻ ይዞ አይመጣም። በዐረብ ፈረሶች ዘንድ ውርንጭላው ሰውነቱን ከተላላፊ በሽታ የሚከላከልበት ኃይል አጥቶ የሚወለድበት የዘር ሕመም አለ። ሕመሙ የሚገለጠው ጉድለቱ ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ብቻ ሲሆን፣ የታመመው ውርንጭላ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወር ሳይሞላው ይሞታል። ወላጆቹ ግን ፍጹም ጤነኛ መስለው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ምርመራው ከተገኘ ወዲህ፣ ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ተሸካሚ የሆነችውን መልካም ባዝራ መጣል አላስፈለገውም፤ ነጻ ከሆነ ድንጉላ ጋር ብቻ ካገናኛት ታማሚ ውርንጭላ አይወለድም። ስለዚህ ከአርቢው የሚፈለገው ጭካኔ ሳይሆን ጥንቃቄና እውነተኛነት ነው።

እዚህ ላይ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በሚገባ ሊያስረዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ስለ እንስሳት ዘር መምረጥ የተናገርነውን ማንም ወደ ሰው እንዳያሻግረው። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ስለ ሆነ፣ በጤናውም ሆነ በጕልበቱ ክብሩ አይለካም፤ ታማሚው ሕፃን ከጤነኛው በምንም አያንስም። እንስሳን ለአገልግሎት መርጦ ማርባት ይቻላል፤ ሰውን ግን ማንም እንዲህ ሊመርጥ ሥልጣን የለውም።

አሁን ወደ ራሳችን ደጋ እንመለስ። በየመንደሩ የዘረ መል ምርመራ አናገኝም፤ ሆኖም የአርቢው ግዴታ በምርመራ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በመጀመሪያ የእናቲቱን ነገር እንመልከት። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ያህል ታረግዛለች፤ ከወለደችም በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት እንደ ገና ድንጉላ ልትፈልግ ትችላለች። ይህን እንደ ዕድል ቆጥሮ እያጠቡም እያረገዙም ሸክም ማሸከም፣ ከአንዲት ሰውነት ሦስት ግብር መሰብሰብ ማለት ነው። ሁለተኛው የውርንጭላው ነገር ነው። ፈረስ ሲወለድ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል የሚያገኘው ከእንገሩ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሳይጠባ ከቀረ ለሞት ይጋለጣል። በዚያች ሌሊት ከባዝራይቱ አጠገብ ማን ነበረ? አርቢ የሚለየው በዚህ ነው።

ከዚያም የዕድሜ ጉዳይ አለ። የፈረስ የወተት ጥርስ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ መለወጥ ይጀምራል፤ አፉ የሚሞላው በአምስት ዓመቱ አካባቢ ነው፤ የጀርባው አጥንት እድገቱን የሚጨርሰውም ከዚያ በኋላ ነው። የሁለት ዓመት ውርንጭላ ጋሪ እንዲጎትት ማድረግ ገና ያልጠና ምሰሶ ላይ ጣራ እንደ መጫን ነው፤ በየከተማው በአፍላ ዕድሜያቸው ጀርባቸው የጎበጠና ጉልበታቸው ያበጠ ፈረሶች መታየታቸው አያስገርምም።

የበቅሎም ጉዳይ መዘንጋት የለበትም። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ሲኖራቸው፣ ከሁለቱ የምትወለደው በቅሎ 63 ስላላት ዘር አትተካም ማለት ይቻላል። ጠንካራና ታጋሽ፣ ለተራራው አገራችን የተመቸች በመሆኗ በቅሎ ማስወለድ ክፉ ሥራ አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዷ በቅሎ የዘሯ መጨረሻ ናት። በዋጋዋ ተስቦ ምርጥ ባዝራውን ሁልጊዜ ለአህያ ብቻ የሚሰጥ አርቢ፣ የነገውን ፈረስ ዛሬ እየሸጠ መሆኑን ሊያስብ ይገባል።

እንግዲህ ገዢው ምን ያድርግ? አባቶቻችን «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይላሉ። ተረቱ በማንነቱ የሚያፍረውን ሰው የሚተች ቢሆንም፣ ለገበያ የሚሆን ምክርም አለው፦ አባቱ ሲጠየቅ አጎቱን የሚጠራ ሻጭ አይታመንም። ስለዚህ ከተቻለ በገበያ ቀን ከደላላ ከመግዛት ይልቅ ወደ አርቢው ቤት መሄድ ይሻላል። እናቲቱን እንይ፤ ከሳች ወይስ ደህና ናት? ጀርባዋ ቆስሏል? በሰው ስትነካ ትደነግጣለች? ውርንጭላው በስንት ወሩ ጡት እንደ ጣለ እንጠይቅ፤ ስድስት ወር ያህል መጥባቱ መልካም ነው። ጥርሱንና ሰኮናውን በእንስሳት ሐኪም ወይም በዐዋቂ እናስመርምር። ከዚህ ቀደም ከእርሷ የተወለዱት ወዴት እንደ ሄዱና ምን እንደ ሆኑም እንጠይቅ። የማያውቅ ወይም ለማወቅ ያልፈለገ አርቢ ለዚህኛውም አያስብም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ሻጩ ራሱ መጠየቁ ነው። «ለምን ሥራ ትፈልገዋለህ? የት ታሳድረዋለህ? ማን ይጠብቀዋል?» የሚል፣ መልሱ ባያረካውም ብሩን ትቶ ፈረሱን የሚያስቀር ሰው አርቢ የሚባል ስም ይገባዋል። እንዲህ ያለው ሰው ዋጋው ከፍ ቢል አንደንቅ። ያለ ልክ የረከሰ ፈረስ ሲገኝ ልዩነቱን የከፈለ አንድ አካል አለ፤ ያም ብዙውን ጊዜ እንስሳው ነው።

በመጨረሻም የፍጻሜው ነገር አለ። ዕድሜውን በሙሉ ሲጎትት ኖሮ እግሩ ሲሰበር ወይም ሲያረጅ በአውራ ጎዳና ዳር የተጣለ የጋሪ ፈረስ ያላየ ከእኛ መካከል ማን ነው? ይህን የሚያደርገው ሰው ብዙውን ጊዜ ጨካኝ ሳይሆን ድኻ መሆኑን እናውቃለን፤ የዕለት እንጀራ ያጣውን ሰው ብቻውን መውቀስም ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ ጉዳዩ የማኅበረሰብ ነው። በቁምስናችን ባለ ጋሪዎችና አርቢዎች ካሉ በየማኅበራቸው እንዲነጋገሩበት፣ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጠርተው እንዲመክሩ፣ ለደከመው ፈረስ ማረፊያ የሚሆን የጋራ ግጦሽ እንዲያስቡ ልናበረታታቸው እንችላለን። ልጆቻችንንም ከብት ሲጠብቁ ይህን እናስተምራቸው፦ በእጃችን ያለው ፍጥረት ይናገርልን ብሎ የሚልከው ጠበቃ የለውም፤ ስለ እርሱ የሚጠየቀው ያስወለደውና የገዛው ሰው ነው። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» እንደሚባለው፣ የሚፈለግብንን ካወቅን የቀረው ማድረግ ብቻ ነው።